የሳምንቱን ክለሳ ለልጅዎ በሚስማማው መልክ ስለመቀበል

ቀን፦ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ክቡራን ወላጆች፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ መስማት ለተሳነው ልጅ፣ የሰሌዳ ፎቶም ማየት ለተሳነው አይሆንም። ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ክለሳው በድምፅ፣ በጽሑፍና በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ይዘጋጃል። ይዘቱ አንድ ስለሆነ ሦስቱንም ማውረድ አያስፈልጋችሁም።

ለአብዛኛው ቤት ድምፁ ይበቃል። የ5 ደቂቃ የቴሌግራም ድምፅ ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ቪዲዮው ግን ብዙ እጥፍ ይበላል። ካርድ ቶሎ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርቱ ሳይሆን ቴሌግራም የሌሎች ግሩፖችን ቪዲዮ ሳይጠየቅ ስለሚያወርድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍታችሁ በሞባይል ዳታ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት።

ስማርት ስልክ ከሌላችሁ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ሬዲዮ ወይም ስፒከር ይበቃል። ካርዱ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ ትንንሾቹ ሬዲዮኖች ከዚያ በላይ የሆነውን ብዙ ጊዜ አያነቡም። አርብ ከሰዓት በአይሲቲ ክፍላችን እንገለብጥላችኋለን። እባካችሁ ሰፈር ውስጥ አታስገልብጡ፤ ፋይሎቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚተው ቫይረስ በየቤቱ አለ። ካርዱ ባዶ መስሎ ከታያችሁም ፎርማት አታድርጉት። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ላይሆን ስለሚችል ወደ እኛ አምጡት።

ማየት ለተሳናቸው ልጆች በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለውን ቶክባክ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን አገልግሎት፣ እንጠቀማለን። አንዴ ሴቲንግ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለ3 ሰከንድ ያህል አብሮ በመጫን ይከፈታል፣ ይዘጋልም። ቶክባክ ሲከፈት አንዴ መንካት የተነካውን ነገር ስም ያነባል እንጂ አይከፍተውም፤ ለመክፈት ሁለቴ መታ መታ፣ ገጹን ለማንሸራተት ሁለት ጣት ነው። ስልኩ ተበላሸ ብለው የሚደነግጡ ወላጆች ይህን ስላልሰሙ ነው። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ከሌለው ኢስፒክ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ እንጭንላችኋለን። አነባበቡ ሸካራ ነው፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ቶክባክ ፎቶ ላይ ያለን ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ጽሑፍ አያነብም። የቤት ሥራ ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ ወላጅ ስትልኩ ይህን አስቡ፤ ሁለት መስመር መተየብ ይሻላል። በመተየብ የምታግዙን ወላጆችም ዩኒኮድ የሆነ፣ ማለትም ማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር እንደ ግዕዝ ፊደል የሚያውቀውን አጻጻፍ ተጠቀሙ። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለማሽኑ የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ነው። መምህራኖቻችን የድሮ ወረቀቶቻቸውን እንደገና እየተየቡ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች መልሳቸውን በቪዲዮ ሲልኩ ከወገብ እስከ ራስ በላይ ይታዩ። በምልክት ቋንቋ የፊት ገጽታ ራሱ ሰዋስው ስለሆነ ፊት የጨለመበት ቪዲዮ ግማሹ ይጠፋል፤ መስኮቱ ከልጁ ፊት ለፊት እንጂ ከጀርባው አይሁን።

ከዚህ ጋር በተላከው ቅጽ ላይ ከሦስቱ የሚስማማችሁን፣ ቤት ውስጥ ያለውን መሣሪያ እንዲሁም ልጁ ቤት የሚናገረውን ቋንቋ ሞልታችሁ እስከ ሰኞ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ላኩ። ቋንቋውን የጠየቅነው የአዳዲስ ቃላት ፍቺ በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀረጽ ለመወሰን ነው።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር