ጀሪካኑ ውስጥ የሚለዋወጡት ጂኖች

ክቡር አዘጋጅ፣

በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ጥሬ ወተት ሲነሳ የሚወራው ስለ መኮምጠጡና ስለ መበላሸቱ ብቻ ነው። የባሰው ግን አይሸትም። ኢ. ኮላይ እና ሳልሞኔላ የተባሉት ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ በቀጭን ክር ሌላውን ይይዝና ፕላዝሚድ የተባለውን የክብ ዲኤንኤ (የዘር መረጃ) ቅጂ ያቀብለዋል። በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ቴትራሳይክሊንንም አምፒሲሊንንም የተባሉትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የሚያሸንፉ ጂኖች (ዘረመሎች) አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ላም የቴትራሳይክሊን ዓይነት የሆነውን ኦክሲቴትራሳይክሊን በተወጋች ቁጥር ለልጆቻችን የሚታዘዘውም መድኃኒት ሊከሽፍ ይችላል። ይህ በጣም ያሳስበናል።

የታከመች ላም ወተት በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን (ወተቱ የማይሸጥበት ጊዜ) ሳያልቅ አይሸጥ። ለጥጃም አይሰጥ፤ ጥቂቱ የመድኃኒት ቅሪት በጥጃዋ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የለመደውን ባክቴሪያ መርጦ ያበዛል።

ማፍላቱ ይሠራል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ሳልሞኔላን ለመግደል 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይበቃል። አረፋው ሲነሳ ግን አይውረድ፣ እየተማሰለ ይንተክተክ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚያ በኋላ ነው፦ የፈላውን መልሰው ጥሬው በነበረበት ጀሪካን ይገለብጡታል። በተጫረው ፕላስቲክ ላይ የተጣበቀው ሙልጭልጭ ሽፋን ባክቴሪያዎቹን አጠጋግቶ ስለሚይዝ የጂን ልውውጡ ይቀላቸዋል፤ በጠባቡ አፍ ደግሞ እጅም ብሩሽም አይገባም። ወተት ሰብሳቢዎች አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ብቻ ይቀበሉ።

የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች፣ ከደሴ