የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ቲቸር ፊደሉ አይታየኝም»

የዘንድሮ ሥራችን እቅዱ ላይ እንደጻፍነው አልሄደም። እቅዳችን ፕሮግራሚንግ ማስጀመር፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር የግድግዳ ጋዜጣ በኮምፒውተር ማዘጋጀት ምናምን ነበር፣ ግን አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላብ ውስጥ እንደገቡ «ቲቸር ፊደሉ አይታየኝም» የሚል ጥያቄ መጣና ዓመቱን ሙሉ ያዘን። እኔ በበኩሌ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ልጆቹ ከዚች አንድ ጥያቄ ተነስተው የተማሩት ነገር እቅዱ ላይ ከጻፍነው ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

ፊደል አነሰ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሪዞሉሽን (ስክሪኑ ምስሉን የሚያሳይበት የነጥብ ብዛት) ወደ መቀነስ ነው። ልጆቹም እንደዛ አደረጉ፣ 1920 በ1080 የነበረውን ወደ 1366 በ768 አወረዱት፣ ፊደሉ እውነትም ተለቀ ግን ደበዘዘ፣ ብዙ ሳይቆይ ራሴን አመመኝ ያለ ልጅም ነበረ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የላፕቶፕ ስክሪን የተሠራው ቁጥራቸው ከፋብሪካ በተወሰነ ነጥቦች ነው፣ ፒክስል የምንላቸው፣ ወደ ጎን 1920 ወደ ታች 1080፣ እኛ ሴቲንግ ላይ 1366 ስላልን ነጥቦቹ አይቀንሱም። አንዱ የምስሉ ነጥብ 1.4 በሚሆኑ የስክሪኑ ነጥቦች ላይ መዘርጋት አለበት፣ ነጥብ ደግሞ አይቆረጥም፣ ስለዚ ቀለሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ብዥታው የሚመጣው ከዛ ነው። ስለዚ ሪዞሉሽኑን ሪኮመንድድ የሚለው ላይ ትታችሁ ስኬሉን፣ ማለትም ፊደሉና ምስሉ የሚጎላበትን መጠን፣ ነው መጨመር ያለባችሁ። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ ስኬል፣ ከዛ 125 ወይ 150፣ አለቀ። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ተዘግቶ ካልተከፈተ ወይ ሳይን አውት ካልተደረገ አይስተካከልም፣ ይሄን ባለማወቅ «አልሰራም» ብሎ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው።

የ9ኛ ክፍል ልጆች ግን በዚ አልረኩም። «እሺ ድሮው ኮምፒውተር ላይ ለምን አላነሰብንም?» ብለው ያዙኝ፣ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። ፓይታጎረስን ቦርድ ላይ ጻፍን። ድሮው ባለ 17 ኢንች ሞኒተር 1280 በ1024 ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሲሰላ 1639 ነጥብ ይመጣል፣ ለ17 ሲካፈል በአንድ ኢንች ውስጥ 96 ነጥብ። አዲሱ ላፕቶፕ 15.6 ኢንች ሆኖ ከጥግ ጥግ 2203 ነጥብ አለው፣ በአንድ ኢንች 141 ማለት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ 100 ፐርሰንት ሲባል በአንድ ኢንች 96 ነጥብ አለ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ድሮው ሞኒተር እሱን ቁጥር በትክክል ይዞታል፣ አዲሱ ላይ ግን ነጥቦቹ ስለተጠጋጉ ያው ፊደል ወደ 68 ፐርሰንት ይወርዳል። 141ን ለ96 ስታካፍሉት 1.47 ነው፣ ከተሰጡት ምርጫዎች ቅርቡ 150። ልጆቹ ይሄን ራሳቸው አውጥተው ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ እያስጠጉ ሲያረጋግጡ ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ነገር ነው፣ ፓይታጎረስ ለምን እንደሚማሩ ከዛ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

ከላብ ውጪ ትልቁ ሥራ የነበረው ቢሮ ነው። ለጸሐፊያችን አዲስ ኮምፒውተር ሲሰጣት የብዙ ዓመት ደብዳቤና የምስክር ወረቀት ፎርም ሁሉ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ሆኖ ወጣ፣ በጣም ደንግጣ ነበር። ከክበቡ ልጆች አንዷ «እትዬ አይዞዎት፣ ፋይሉ አልጠፋም፣ ፎንቱ ነው የሌለው» አለቻት፣ ልክም ነበረች። በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ሲጻፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ኮድ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው፣ የአማርኛ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ነው፣ እሱ ከሌለ መልኩም የለም። ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው ስታንዳርድ) በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቨርዥን ለፊደሎቻችን የራሳቸውን ቦታ ከሰጣቸው በኋላ ነው ይሄ ችግር መፍትሄ ያገኘው፣ የድሮ ፋይሎች ግን እንደ ድሮው ናቸው። ልጆቹ ከአሮጌው ኮምፒውተር የፎንት ፎልደር ውስጥ ፎንቶቹን በፍላሽ አምጥተው ራይት ክሊክ ኢንስቶል አሉት፣ ደብዳቤዎቹ ተመለሱ፣ ጸሐፊያችንም ቡና አፍልታ መረቀቻቸው።

ሌላው ደግሞ የፈተና ወረቀት ነገር ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ በሚባል ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ፈተና ኒያላ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ የመስመሩ ከፍታ ይለወጣል፣ 2 ገጽ የነበረው 3 ይሆናል፣ ምርጫዎቹ ከጥያቄው ተለይተው ሌላ ገጽ ላይ ያርፋሉ። በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ፈተና ላይ ግን ያን ያህል ችግር አላየንም፣ የላቲን ፎንቶቹ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ስላሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ኢንተርኔት ተከፍቶ ነው የሚጫነው፣ ኢብሪማ የሚባለው የአማርኛ ፊደል ያለው ፎንት ግን አብሮ ይመጣል፣ ስለዚ ለመምህራን የምንለው ወይ ሁላችንም አንድ ፎንት እንጠቀም ወይ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ እባካችሁ አማርኛ በ10 የፎንት መጠን አትጻፉ። የኛ ፊደል ቀ እና ቁን፣ ሰ እና ሱን የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፣ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ አይበቃም፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ የፕሮጀክተሩን ስክሪን እየገመተ ነው የሚያነበው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ፎርማት ተደርጎ የመጣ አንድ ኮምፒውተር ሪዞሉሽኑን አልቀይርም ብሎ ነበር፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ካያችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አልተጫነም ማለት ነው፣ ሞዴሉን አይታችሁ ከአምራቹ ድረገጽ በስልክ አውርዳችሁ ጫኑት። ፕሮጀክተር ሲሰካ የላፕቶፑ ስክሪን የሚለዋወጥባችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ቁልፍና ፒ ተጫኑና ከዱፕሊኬት (ሁለቱም ላይ አንድ ምስል) ወደ ኤክስቴንድ (ለየብቻ) ቀይሩት። ብራውዘር ላይ ብቻ ከሆነ ያነሰው ኮንትሮል ይዞ ፕላስ ይበቃል፣ ለመመለስ ኮንትሮልና ዜሮ።

ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ይሄ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዛ ቴክስት ሳይዝ የሚባል አለ፣ ፊደሉን ብቻ ለይቶ እስከ 225 ፐርሰንት ያሳድጋል። አብዛኛው ልጅ ስኬሉ ሲስተካከል እፎይ አለ፣ አንድ ተማሪ ግን ይሄንንም መጨረሻ ድረስ ወስዶት አሁንም አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እስከዛ ድረስ ቦርዱን ከጓደኛው ደብተር እየገለበጠ ነው የተማረው፣ ለማንም አልተናገረም፣ እኛም መምህራን ሰነፍ ነው ስንል ነበር። ወላጆቹን ጠርተን ዓይን ክሊኒክ ወሰዱት፣ አሁን መነጽር አድርጎ ነው የሚማረው። ስለዚ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ ፊደሉን ከመጠን በላይ ካሳደገ አትቆጡት፣ አስመርምሩት። የክፍል ኃላፊ መምህራንም ከፊት መቀመጥ የሚፈልገውን ልጅ እስቲ ለምን ብላችሁ ጠይቁልን።

ለክረምት የቀረን ሥራ የቢሮውን የድሮ ፎርሞች ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ነው፣ የምስክር ወረቀቱንና የመልቀቂያውን ጀምረናል፣ ምዝገባ ሳይጀመር መድረስ አለበት። በክረምት ከጅማ የማትወጡ የክበቡ አባላትና አማርኛ ቶሎ የምትጽፉ ሌሎች ተማሪዎች ላብ ድረስ መጥታችሁ ተመዝገቡ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለሚኖር ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ ቤት ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ በጣም ይጠቅመናል።