ድፈን ብላችሁ ደፈንኩ፣ ስለደፈንኩ ቀጣችሁኝ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ስሙን አልጠራም፣ እርስዎ ያውቁታል፣ እኔ ደሞ በርዎ ላይ ሶስት ሙሉ ቀን ተቀምጬ ስለጠበቅኩ የኮሪደሩ ወንበር የትኛው እግሩ እንደሚወዛወዝ ሳይቀር አውቃለሁ። ሁለት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው "ይታያል" ተባለ። ሁለተኛውን ሳስገባ "የመጀመሪያው እየታየ ስለሆነ ሌላ አያስፈልግም" ተባልኩ። ስለዚህ ሶስተኛውን ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ አስቀመጥኩት፣ ቢያንስ "ይታያል" ያላችሁት እውነት ይሁን ብዬ።

ነገሩ የዶሮ ነው፣ ድፈን ያላችሁኝም የዶሮ ቤቴን የአየር መውጫ ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኔም መጀመሪያ ቀን ስቄ ነበር።

ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ አረባለሁ፣ 40 ሴትና 5 አውራ። እንቁላል ለመልቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ አውራም አያስፈልገኝም ነበር። የኔ ስራ ማዳቀል ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ብርድ የሚችል ዘር ለማውጣት ነው የለፋሁት። ብርዱ ሲከር የትኛዋ እንቁላል መጣል እንዳላቆመች፣ የየትኛው አውራ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንዳልተጎዳ፣ የማን ጫጩቶች ቶሎ ላባ እንዳበቀሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሁሉም እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አለ፣ ደካማውን አወጣለሁ ጠንካራውን ለዘር አስቀራለሁ። እኔ የፈጠርኩት ብልሃት አይደለም። ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ኦካ በሚባል ገዳም የነበሩ አንድ መነኩሴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንዲህ እያዳቀሉ ነው ሻንተክሌር የሚባለውን ዘር ያወጡት፣ ራሱ ላይ ያለው ሥጋ ጠፍጣፋና ትንሽ፣ ከመንቁሩ ስር የሚንጠለጠለውም ኢምንት፣ ውርጭ ሲመጣ የሚነክሰው ነገር እንዲያጣ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1921 አሜሪካኖቹ መዝገባቸው ላይ እንደ አንድ ዘር አሰፈሩት። መነኩሴው ከናንተ ቢሮ የሚላክ ተቆጣጣሪ ስላልነበረባቸው እድለኛ ናቸው።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪዎ ልምጣ። ብርዱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ድረስ ዘግቶ። የዶሮ ቤቴ ከጣሪያው ስር በሁለቱም በኩል በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር መውጫ አለው፣ ከቆጡ ብዙ ከፍ ያለ፣ ነፋሱ ዶሮዎቹ ላይ እንዳያርፍ ተብሎ የተሰራ። ልጁ እጁን ወደዛ ዘርግቶ "ውይ፣ በዚህ እኮ ብርድ ይገባል፣ ይደፈን" አለ። ኧረ አይደፈንም፣ እርጥበቱ የሚወጣው በሱ ነው ስለው ፎርሙ ላይ "የተዘጋና ሙቀት የሚይዝ ቤት" የሚል ቦታ እንዳለና ኤክስ ማድረግ እንዳለበት ነገረኝ። በ10 ቀን ውስጥ ካልደፈንኩ የማራቢያ ፈቃዴ እንደማይታደስ ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ወረቀቱ አለኝ። ደሞ ሲወጣ "ከበረዳቸው የሙቀት አምፖል አንጠልጥልላቸው" አለኝ፣ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ፣ አቧራና ላባ በሚበንበት ቤት ውስጥ! ስንት ዶሮ ቤት በዛ አምፖል እንደተቃጠለ ማን ይንገረው።

እርስዎ ይሄን እንደሚያውቁት አምናለሁ፣ ለሱ ቢያነቡለት ብዬ ግን ልጻፈው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከኛ በ4 ዲግሪ ይበልጣል። ላባዋን ነፋ አድርጋ መሀሉ አየር ከያዘችበት፣ ሆዷ ጥሬ ከጠገበ፣ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ቆጥ ላይ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ሸፍና ከተቀመጠች ያደገች ዶሮ እኔና እርስዎ የማንችለውን ብርድ ችላ ታድራለች። የማትችለው እርጥበቱን ነው። 45 ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ከትንፋሹ ጋር ውሃ ይወጣል፣ ኩሱም ቢሆን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ሞቅ ያለው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ መውጫ ካገኘ ሄደ፣ ካጣ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ዶሮዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ረጥቦ ያደረ ሥጋ ነው ውርጭ ቶሎ የሚይዘው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ በረደው፣ እሺ፣ ግን ሰውዬው ላባ የለውም።

ይሄን ደሞ ከራሴ አላመጣሁትም። እናንተው አባዝታችሁ ያደላችሁን የአረባብ መመሪያ ላይ "የአየር መውጫው ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ይሁን፣ በብርድ ወቅትም አይዘጋ" ይላል። ማህተማችሁ አለበት። ገጹን አጥፌ ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር አያይዤ አስገብቼ ነበር፣ እሱም እየታየ ነው መሰለኝ።

ለምን ደፈንክ ይሉኝ ይሆናል። ፈቃዴን ፈርቼ ነዋ! ፈቃድ ከሌለኝ ጫጩት ለሰው መስጠት አልችልም፣ ጫጩት ካልሰጠሁ ዘሩ ጓሮዬ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በ9ኛው ቀን በላስቲክና በኮምፔንሳቶ ደፈንኩት፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ፣ "ተስተካክሏል" የሚል መልስ በዛው ቀን መጣ። ከናንተ ቢሮ በቀኑ የመጣ መልስ ያቺ ብቻ ናት።

ከዛ በኋላ ያለው እስካሁን ያናድደኛል። በአምስተኛው ሌሊት ከባድ ውርጭ ወደቀ። ጠዋት በሩን ስከፍት ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ አይኔን አቃጠለኝ፣ ስድስት ዓመት እንደዛ ሸቶኝ አያውቅም፣ የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በበረዶ ተሸፍኗል፣ ጉዝጓዙን ጨብጬ ስጨምቀው እጄ ረጠበ። ሴቶቹ ራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ ትንሽ ስለሆነ ተረፉ። ከአውራዎቹ አራቱ ግን ቀዩ ሥጋቸው ጫፉ ነጣ፣ በሁለተኛው ቀን አበጠ፣ ከዛ ጠቆረ። ቁጥር 11 የሚባለው አውራ አለኝ፣ የስድስት ዓመቱ ልፋት ማለት እሱ ነው፣ አባቱንም አያቱንም እኔው ነኝ ያሳደግኳቸው፣ ቆጥ ላይ ራሱን ክንፉ ስር ቀብሮ አልወርድም አለ። ጥሬ ዘረገፍኩለት፣ ዞር ብሎም አላየው። ሁሌ እኮ ጥሬ ሲያገኝ መጀመሪያ ሴቶቹን ጠርቶ ነው የሚበላው።

አውራ ራሱን በውርጭ ሲመታ ጉዳቱ ራሱ ላይ ብቻ አያበቃም፣ ህመም ላይ ስለሆነ አይበላም፣ ሴት ላይ አይወጣም፣ ዘሩም ለጊዜው ይደክማል። ይሄ ደሞ ወዲያው አይታወቅም፣ ምክንያቱም ሴቷ ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ታቆየዋለች። እኔም የመጀመሪያ ሰሞን እንቁላሉን ሰብሬ ሳየው ደህና ስለነበር ተስፋ አድርጌ ነበር። በሶስተኛው ሳምንት 60 እንቁላል ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባሁ፣ 37.5 ዲግሪ፣ በየቀኑ እያገላበጥኩ። በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ እያበራሁ አየሁ። ደም ስሩ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ መታየት ነበረበት። 51ዱ ባዶ ነው። ጥርት ያለ ባዶ። ባለፉት ዓመታት ከ60 ከ10 በላይ ባዶ ወጥቶብኝ አያውቅም።

ይሄን ሁሉ አቤት ልል ስደውል ምን ተደረገ? ያው ልጅ ተላከ። ያው ጃኬት። ገባ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ ፎርሙን አወጣና ጻፈ፦ "ቤቱ እርጥበት አለው። አሞኒያ ይሸታል። አውራዎቹ ተጎድተዋል። ምክንያት፦ የአርቢው ቸልተኝነት።" ቅጣት፣ በዛ ላይ የማራቢያ ፈቃድ እገዳ። ራሱ ያስደፈነው ኮምፔንሳቶ ስር ቆሞ ነው ይሄን የጻፈው! ያንተ ትዕዛዝ እኮ ነው፣ ፊርማህ ይኸው ብዬ ወረቀቱን ሳሳየው "እሱ ያለፈው ምርመራ ነው፣ ይሄ አዲስ ምርመራ ነው" አለኝ። እንዲህ አይነት መልስ ስልጠና ይሰጥበታል እንዴ?

ያለፈው አለፈ፣ ቁጥር 11 ጥሬውን መብላት ጀምሯል፣ የጠቆረው ሥጋው ረግፎ ጫፍ የሌለው አውራ ሆኗል፣ ቆይቶ ዘሩ ይመለስ ይሆናል። የማይጠብቀው ጊዜው ነው። ለመፈልፈያ የተለቀመ እንቁላል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢቀመጥ ደህና የሚቆየው ሳምንት ያህል ነው፣ ከዛ በየቀኑ የሚፈለፈለው ቁጥር እየወረደ ይሄዳል። እናንተ ጋ ግን አንድ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ሁለት ወር ይፈጃል። ጫጩቱ 21 ቀን ይፈልጋል፣ ከዛ ላባው እስኪሞላ 6 ሳምንት ገደማ፣ መጀመሪያ ሳምንት 35 ዲግሪ ሙቀት ሰጥቼው በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነስኩ፣ ቄቧ እንቁላል እስክትጀምር ደሞ 5 እና 6 ወር። ቁጭ ብለው ይደምሩት። አሁን ካልፈለፈልኩ የሚቀጥለው ብርድ ሲመጣ የምፈትነው ትውልድ አይኖረኝም፣ አንድ ሙሉ ዓመት ከደብተሬ ላይ ባዶ ገጽ ሆኖ ይቀራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። "ቸልተኝነት" የምትለዋ ቃል ትሰረዝ። ፈቃዴ ይመለስ። ቅጣቱን የፈረመው ሰው ይክፈለው አልልም፣ ብትሉት ግን አልቃወምም። ፎርሙ ላይ "የተዘጋ ቤት" የሚለውንም አንድ ሰው ከራሳችሁ መመሪያ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያንብበው፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እኔ ልምጣና ላንብብላችሁ ካላችሁም ያቺ ወንበር ላይ እጠብቃለሁ፣ ለምጃታለሁ።

ሌላ ላሳውቅዎ የምፈልገው ነገር ቢኖር ዛሬ ጠዋት ላስቲኩን ቀድጄ ኮምፔንሳቶውን ነቅዬዋለሁ። ሁለቱም የአየር መውጫ ክፍት ነው፣ እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥቼ ደረቅ አንጥፌያለሁ፣ ማታ ላይ ቆጡ ጋ ጎንበስ ብዬ በዶሮዎቹ ቁመት አሸተትኩ፣ ምንም የለም። በናንተ ትዕዛዝ መሰረት አሁን ሕገወጥ ነኝ፣ በናንተ መመሪያ መሰረት ደሞ ትክክል ነኝ። ተቆጣጣሪዎ መምጣቱ ስለማይቀር ጃኬቱን እንዳይረሳ ይንገሩልኝ፣ ቤቱ ይበርዳል።