መሣሪያው አለን፣ የሚስማማው መብራት ጠፋ፦ ለጋራ ወርክሾፓችን የድጋፍ ጥሪ

ለድሬዳዋ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ፤

የነሐሴው ንፋስ በሳቢያን ሰፈር ያለውን ወርክሾፓችንን የጣሪያ ቆርቆሮ ገልጦ ከጣለው ወዲህ መጋዙም የቁም መሰርሰሪያውም ቆመዋል። ዝናቡ በቀጥታ የወረደው ከአሜሪካ ለመጡት መሣሪያዎቻችን የመብራቱን ቮልት በሚያወርደው ትራንስፎርመር ላይ ነው። ሲከፈት የመዳቡ ጥቅል ጠቁሮ፣ ብረቱ ዝጎ ተገኘ። ባለሙያው አይቶ «ከመጠቅለል አዲስ መግዛት ይሻላችኋል» ብሏል። ጥሪያችን እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ሰልችቶናል።

ለጣሪያው፣ ለትራንስፎርመሩና ለሽቦ ዝርጋታው 185,000 ብር ያስፈልጋል። የገባው 62,000 ነው፤ 123,000 ይቀራል። ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የእድሩ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። በግለሰብ ስልክ በቴሌብር ላኩልን የሚል ካጋጠማችሁ እኛ አይደለንም።

«ስፒናውን ቀይሮ መሰካት እያለ ለትራንስፎርመር ያን ሁሉ ብር ምን አስወጣችሁ?» እየተባለ በየለቅሶው ቤት ይወራል። መልሱ ይኸው። ከአሜሪካ ጠቅልለው የገቡ ወገኖቻችን ያበረከቱት መሣሪያ ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የተሠራ ነው (ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ልክ ነው)። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስፒና ቢቀየር ሞተሩ አይቀየርም። እንዲህ ያለ ግራይንደር በቀጥታ ቢሰካ ዲስኩ ከተፈቀደለት ዙር አልፎ ይሽከረከራል፣ በሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ መብራት የሚያቀብለው ካርቦን እሳት ይተፋል፣ ጥቅሉ ይቃጠላል። ዲስኩ ከፈነዳ ደግሞ ዓይን ይጠፋል። አቦ፣ ለዚህ ያልወጣ ብር ለምን ይወጣል!

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። እንደ እጅ መሰርሰሪያና ግራይንደር ካርቦን ላላቸው ሞተሮች ይህ ግድ የለም። ካርቦን የሌላቸው፣ እንደ ጠረጴዛ መጋዙ ያሉት ግን ፍጥነታቸው ይወርዳል፤ የሞተሩ ሰሌዳ በደቂቃ 3,450 ዙር የሚለው እዚህ ወደ 2,875 ገደማ ይሆናል። 120 ቮልት ከተሰጠውም ከልክ በላይ ይግላል፤ በድሬ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ደግሞ ብዙ አይቆይም። 100 ቮልት ሲያገኝ ነው የሚስማማው። የበፊቱን ትራንስፎርመር ባለ ሁለት መውጫ፣ አንዱን 120፣ አንዱን 100 አድርገን ያሠራነው ለዚህ ነው፤ ዋጋውም የናረው በዚሁ ነው። የመጋዙን ዙር ለመመለስ የሞተሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ከ100 ሚሊሜትር ወደ 120 ተቀይሯል። የሞተሩ ጉልበት ግን ስለሚቀንስ ጠንካራ እንጨት ቀስ ተብሎ ይገፋል።

«አነስ ያለ ትራንስፎርመር ግዙ» ለምትሉም፦ መጋዙ በሰሌዳው መሠረት በ120 ቮልት 15 አምፔር፣ ማለትም 1,800 ዋት ይስባል፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ አምስት ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። ባለ 2,000 ዋቱ በየማስነሻው እያቃሰተ ይቃጠላል። የጠየቅነው ባለ 5,000 ዋት ነው። የሚቀመጠውም ከመጋዙ አጠገብ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ነው። በ120 ቮልት በኩል አምፔሩ እጥፍ ገደማ ስለሆነ ረጅሙ ኤክስቴንሽን በ220 በኩል ይዘረጋል። የመሬት ሽቦው እስከ መሣሪያው አካል መድረስ አለበት፤ ይህ አይታለፍም። ሰሌዳቸው 115/230 እና 50/60 የሚሉት ሁለቱ ኮምፕሬሰሮች ትራንስፎርመር አላስፈለጋቸውም፤ ክዳኑ ላይ ባለው ሥዕል መሠረት የውስጥ ሽቦአቸው ተቀይሮ በ220 ይሠራሉ። እነሱን ያቆማቸው ጣሪያው ብቻ ነው።

ገንዘቡ የት ገባ ለሚል፣ የእድሩ ድንኳን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ እዚሁ ተሠርተዋል፤ ወጣቶች ሙያ ተምረው በከዚራና በመጋላ የራሳቸውን ሥራ ይዘዋል። ደረሰኙ በፋይል አለ፣ መጥታችሁ እዩ። የምድር ባቡር ጋራዥ ስንቱን ባለሙያ ባፈራበት ከተማ ወርክሾፕ በቆርቆሮ እጦት ተዘግቶ መክረሙ ያሳፍራል። ሙስሊሙ በሰደቃው፣ ክርስቲያኑ በምጽዋቱ ያስበን።

በዕቃ ለምትረዱ፦ ከአሜሪካ ስትመጡ የ10 ኢንች መጋዝ ምላጭ አምጡልን። የእኛ መጋዝ ዘንግ 5/8 ኢንች፣ ወደ 16 ሚሊሜትር ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ግን በብዛት ቀዳዳው 30 ሚሊሜትር የሆነ ነው፣ በልል ቀለበት ማጥበብ ደግሞ ምላጩን ያወዛውዘዋል። የግራይንደር ዲስክ አታምጡ፣ የዚህ አገሩ ይገጥማል። የሽቦ ብሩሹ ግን የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ይለያያል፤ የእኛ 5/8 ኢንች ነው፣ ኤም 14 (ባለ 14 ሚሊሜትሩ) አይገባበትም። የባትሪ ቻርጀርም 100–240 ቮልት ካላለ ይቅር።

በድጋሚ፦ በእድሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ፤ ቁጥሩን ማኅተም ካለበት ደብዳቤ ላይ አይታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ይጠይቃል። ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ለእድሩ ጸሐፊ አድርሱ፤ ስማችሁ ከወርክሾፑ በር በሚለጠፈው ዝርዝር ካልወጣ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁን።

የወርክሾፑ ኮሚቴ፣ ድሬዳዋ