ቅዳሜ ጠዋት ለቢራቢሮ እንውጣ

ሰላም ጓደኞች፣ እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱ ወጣ፣ ሐዋሳ አብባለች፣ እኛ ግን ፎቶ ማንሳት ትተን ቁጭ ብለናል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል መግቢያው ላይ እንገናኝ።

ለምን በጠዋት ለምትሉ፣ ቢራቢሮ እንደኛ የራሷን ሙቀት ይዛ አታድርም፣ ስለዚህ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ሞቃ እስክትነቃቃ ድረስ ብዙም አትበርም፣ ያቺ ሰዓት ናት የኛ። ከ4 ሰዓት በኋላ ማሯሯጥ ብቻ ነው። ጥላችሁ እንዳያርፍባት፣ ወዲያው ትነሳለች። ዝቅ በሉና ስልኩን ከክንፏ ጋር ትይዩ ያዙት፣ ያኔ ክንፏ በሙሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራ ያላችሁ የሹተሩን (የመዝጊያውን) ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አታውርዱት።

ግቢያችሁ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ደግሞ ቅጠሉን አገላብጡ። የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ካያችሁ እንዳትገድሉት! የቢራቢሮ ልጅ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ በኋላም ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ይወጣዋል። እኔ ባለፈው ዓመት አንዱን ከትልነቱ ጀምሮ እስኪበር በየቀኑ አነሳሁት፣ የበረረ ቀን እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለፎቶ ብላችሁ ክንፏን አትያዙ፣ እጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፏ ቅርፊት ነው፣ ከረገፈ አይተካም። አበባም አትቁረጡ። ምግብ የምትይዙ ከጦጣዎቹ ጠብቁት። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ።