የሚወድቅ ጥርስ ለምን ይታከማል? ሜሪላንድ ለሚኖሩ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡም ሆነ ስትደውሉ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ሁለት ነገር አለ። አንዱ «የወተት ጥርስ ወዳቂ አይደል ወይ፣ ለምን ይታከማል?» የሚል ሲሆን ሌላው «ስንት ያስወጣናል?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በቀጠሮ መሀል በጥድፊያ ከምንመልስላችሁ ብለን ይህን ጻፍንላችሁ።

የወተት ጥርስ 20 ነው። የፊቶቹ 6 ወይም 7 ዓመት ላይ መውለቅ ይጀምራሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ እንግዲህ ገና ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ በዚያው ጥርስ ሊያኝክ ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ የጎኑ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም መውጫ ያጣና ጠሞ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ይሳሳል፤ ጉድጓዱ ቶሎ ነርቭ ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

በሕፃናት ላይ ቀድመው የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ናቸው። ጥፋቱ የሌሊት ጡጦ ነው። ወተት፣ ጁስ፣ ስኳር የገባበት ሻይ ወይም አጥሚት እየጠባ የሚተኛ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ምራቁ ይቀንሳል፤ ፈሳሹም የላይኞቹን ጥርሶች ከቦ ያድራል። የታችኞቹን ምላሱ ስለሚሸፍናቸው ይተርፋሉ። በወር አንዴ የላይኛ ከንፈሩን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና በስልክ መብራት ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ጠመኔ የመሰለ ደብዛዛ ነጭ መስመር ካያችሁ መበስበስ ጀምሯል። ገና ጉድጓድ ስላልሆነ ግን በፍሎራይድ (ጥርስን በሚያጠነክር ማዕድን) እና በደንብ በመቦረሽ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተሸረፈ ግን በቡርሽ የሚመለስ ነገር የለም፤ ቶሎ አምጡት። ዓመት ያለፈው ልጅ ጡጦ አልጥልም ካለ፣ የማታውን ወተት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በውሃ እያቀጠናችሁ በሳምንት ውስጥ ወደ ንጹህ ውሃ አምጡት። ሁለት ሦስት ሌሊት ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ እንዳለ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና። እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። ትርፉን ይትፋ፣ በውሃ ግን አይጉመጥመጥ፤ ከተጉመጠመጠ ፍሎራይዱ አብሮ ይሄዳል። እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ እናንተው ቦርሹለት፣ እጁ ገና መንጋጋው ድረስ በደንብ አይሠራም። መፋቂያ ለሚወዱ አያቶች አክብሮታችን ትልቅ ነው፤ የፊት ጥርስን ጥሩ አድርጎ ያጸዳል። የመንጋጋው ስንጥቅ ውስጥ ግን አይገባም፣ ፍሎራይድም የለውም።

ስለ ፍሎራይድ ስንናገር ፊታቸው የሚለወጥ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደገ ሰው የጉድጓድ ውሃ ጥርስ ሲያበልዝ፣ ሲብስም አጥንት ሲያጎብጥ አይቷል። የዚያ አካባቢ ችግር መጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ለቧንቧ ውሃ የሚመከረው 0.7 ሚሊግራም ነው። አብዛኛው የታሸገ ውሃ ደግሞ ይህን ያህል እንኳ ስለሌለው፣ ልጁን የታሸገ ውሃ ብቻ የምታጠጡ ከሆነ ንገሩን።

ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው መጀመሪያ አምጡልን። ሕፃንን ወንበር ላይ አናስተኛም፤ እናት ወይም አባት ከሐኪሙ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፣ ልጁ እግሩ በወላጁ ወገብ ዙሪያ ሆኖ ጭንቅላቱን ሐኪሙ ጭን ላይ ያሳርፋል። ሊያለቅስ ይችላል፤ ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ለእኛ ይመቸናል፣ እናንተ አትደንግጡ። ከዚያ ጥርሱ በቫርኒሽ፣ ማለትም ፍሎራይድ ባለው ቅባት፣ ይቀባል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የዚያን ዕለት ለስለስ ያለ ምግብ አብሉት፣ ትኩስ ነገር ተዉ፣ ቡርሹን ለነገ አቆዩት። 6 ዓመት ገደማ ከኋላ ለሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ስንጥቁን የሚደፍን ሲላንት አለ፤ መርፌም መቆፈርም የለውም። ይህ ጥርስ የወተቱ ሳይወልቅ በስተኋላው ስለሚበቅል ብዙ ወላጅ ቋሚ መሆኑን ሳያውቅ ይበሰብስበታል። ለትንንሽ ልጆች ጉድጓድ ያለ መቆፈሪያ የሚያቆም የብር ፍሎራይድ ፈሳሽም አለ። የተበላሸውን ቦታ ግን ለዘለቄታው ጥቁር ያደርገዋል፣ በየስድስት ወሩም መታየት ይፈልጋል። ይህን ሳንነግራችሁና ሳትስማሙ አንቀባም።

የልጁ የጥርስ ሕመም ድንገት ቀጥ ካለ «ተሻለው» አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ነርቩ ሞቶ ነው፣ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር ይቀጥላል። ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ መግል የያዘ እብጠት ምልክቱ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቅርንፉድ ድዱን ያቃጥላሉ፣ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን (አንቲባዮቲክ) ደግሞ ምንጩን አያደርቀውም። ፊቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው ወይም ዓይኑ ሥር ካበጠ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እዚሁ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ሞቷል። የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ አልፎ ነበር። ጥርሱን ለማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር፤ የሆስፒታሉ ወጪ 250,000 ዶላር አካባቢ ደረሰ። የቤተሰቡ ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) ተቋርጦ እንደነበርም ተዘግቧል። ሜሪላንድ ከዚያ በኋላ የጥርስ ሕክምናውን አሻሽላ ከ2009 ጀምሮ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረገችው፤ ዛሬ ሜሪላንድ ሄልዚ ስማይልስ የምትሉት እርሱ ነው።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ልጃችሁ ሜዲኬይድ ካለው እስከ 21 ዓመቱ ምርመራ፣ ጽዳት፣ ቫርኒሽ፣ ሲላንት፣ ሙሌትና ነቀላ ይሸፈንለታል። ፕሮግራሙን የሚቀበል ክሊኒክ ለተሸፈነው ሕክምና ከእናንተ ተጨማሪ ሊጠይቅ አይችልም። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ አዋቂዎችም የጥርስ ሽፋን ስላላቸው የእናንተንም ጥርስ አትርሱ። ሌላ ክሊኒክ ስትደውሉ «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ሄልዚ ስማይልስ ያለው አዲስ ልጅ ትቀበላላችሁ?» በሉ፤ መልሱ ይለያያል።

ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሜዲኬይድ አንዴ ከተፈቀደለት፣ አባቱ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ገቢው ቢጨምር እንኳ ሽፋኑ ለ12 ወር አይቋረጥበትም። ሽፋኑ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በእድሳት ላይ ነው። ደብዳቤው ወደ አሮጌው አድራሻ ይሄዳል፣ ወይም ማስታወቂያ መስሎ ሳይከፈት ይጣላል። ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን የግዛቱ የጤና መድን መመዝገቢያ በሆነው በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን አስለውጡ። ደብዳቤው ካልገባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ ወይም ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን፣ ለዚህ አናስከፍልም። በሰነድ ምክንያት ሜዲኬይድ የማያገኙ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጆች ደግሞ ኬር ፎር ኪድስ የሚባለውን የካውንቲውን ፕሮግራም ይጠይቁ። መኪና የሌላችሁ በካውንቲያችሁ በኩል የሜዲኬይድ መጓጓዣ ማመልከት ትችላላችሁ። የትም ብትሄዱ ነፃ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጉ ከተባላችሁ እምቢ በሉ።

ስትመጡ የልጁን ካርድ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ዝርዝርና የአለርጂ መረጃ ያዙ። የጠዋት ቀጠሮ ለሕፃናት ይሻላል፣ እንቅልፍ ሳይጫናቸው። መምጣት ካልቻላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉልን፤ ያንን ሰዓት ጥርሱን ለሚያመው ሌላ ልጅ እንሰጠዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ሠራተኞች