ከአሮጌ ሞረድ አዲስ መሮ፦ የእጅ ሙያ ክበብ ዘንድሮ

ዘንድሮ ሥራ የጀመርነው በአንድ ጆንያ አሮጌ ሞረድ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከየጋራዡ ለምነን ሰበሰብነው። ጥርሱ ስላለቀ "ምን ያደርግላችኋል?" እያሉ ሰጡን። ብረቱ ግን አላለቀም። ሞረድ ሌላ ብረት እንዲበላ የተሠራ ስለሆነ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ካርቦን አለው። ለመሮና ለወስፌ የሚፈለገውም እንዲህ ያለ ብረት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንዱን ሞረድ እንዳለ በግራይንደር ስለን መሮ አደረግነው። ወይራ ላይ አንዴ በመዶሻ ስንመታው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ስባሪው ግድግዳ መታ። ሰው ስላልነካ ዛሬም ተመስገን እላለሁ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ያላደረገ ልጅ ወደ ሥራው አይጠጋም።

ያን ዕለት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወደኋላ ቀረ። "ቲቸር፣ መጀመሪያ እሳት ማየት ነበረበት" አለኝ። ከየት እንዳወቀ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው። ልጆቹ እንዳይሰሙበት ለመነኝ። ማረሻና ማጭድ የሚሠራልንን ሰው ስንሰድብ መኖራችን በጣም ያመኛል። ኋላ ግን ልጁ ራሱ ለጓደኞቹ ተናገረ። ይህንንም የምጽፈው እሱና አባቱ ፈቅደውልኝ ነው።

አባቱ ጥር ላይ ወናፋቸውን ይዘው መጡ። ከሰሉ ተያያዘ፣ ሞረዱ ቀላ። ልጆቹ ማግኔት በሽቦ አስረው ያስጠጉታል። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ይህን በፊዚክስ ተምረዋል። እሳቸው ማግኔቱን አላዩም። ፍሙን ብቻ እያዩ "በቃ!" አሉ። ማግኔቱ ሲሞከር አልያዘም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ልጃቸው ወናፉን እንደያዘ ፈገግ አለ።

ከዚያ ሞረዱን አመድ ውስጥ ቀብረን አሳደርነው። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል፤ በማግስቱ በሌላ ሞረድ እንደልብ ተሞረደ። የድሮውን ጥርስ ጨርሶ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቅርጹ ሲያልቅ እንደገና አግለን ዘይት ውስጥ ነከርነው። አሁን ጠንካራ ነው፣ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ጫፉን አጽድተን ከጀርባው በኩል ቀስ እያልን አሞቅነው። ቀለሙ ወደ ስለቱ ሲሄድ ይታያል። ስለቱ የገለባ ቢጫ ሲመስል ውሃ ውስጥ ከተትነው። ለካቻቢቴ ግን ሰማያዊ እስኪሆን እንጠብቃለን። ቆዳቸው ብቻ የጠነከረ ርካሽ ሞረዶችም ገጥመውናል፤ እነሱን ተውናቸው።

እስከ ሰኔ ድረስ 11 መሮ፣ 6 ወስፌና 4 ካቻቢቴ ሠራን። እጀታቸው የወይራ ነው። ታኅሣሥ የሰበረን ያ ወይራ አሁን በልጆቹ መሮ ይፈለፈላል።

ጆንያው ባዶ ነው። ያለቀ ሞረድ ቤቱ ያለ ወላጅ መስከረም ላይ ልጁን አስይዞ ይላክልን።